የባሕር ዓሣ ቤታችሁ ለማኖር ላሰባችሁ የደብረ ብርሃን ልጆች

ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡ። ዝግ የሆነው የካኒስተር ማጣሪያ (ውሃውን በተከደነ ዕቃ ውስጥ እያሳለፈ የሚያጣራው) ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያሉት የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ፤ መብራት ሲመለስ የገማውን ውሃ ገንዳው ውስጥ ይለቀዋል። ሳታጥቡት እንዳታስነሱት፣ አደራ!

እኔ የምመክረው ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ ከስኪመር ጋር ነው። ድንጋዩ የባክቴሪያዎቹ ቤት ይሆናል፤ ስኪመሩ ደግሞ ቆሻሻውን በአረፋ እየሰበሰበ ያወጣል፣ ጽዋው ላይ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ሲጠራቀም ታዩታላችሁ። ስኪመሩን ከገንዳችሁ ከፍ ላለ መጠን የተሠራውን ግዙ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ጨው ሲገባበት ይብሳል፤ ስኪመር አየርም ይቀላቅላል። መብራት ሲጠፋ ስኪመሩም ስለሚቆም ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከቤት አይጥፋ።