የሮቶው ሴንሰር ባትሪ ለምን ቶሎ አለቀ? የገመድ አልባ ማይክሮኮንትሮለር ሰነድ ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬም ሆነ ሱሉልታ ውሃ በፈረቃ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ምን ያህል እንደቀረው ሳይወጡ የሚያሳውቅ ሴንሰር ለመሥራት የሚነሳው ሰውም ብዙ ነው። ዕቃው ጥቂት ነው፦ ገመድ አልባ ማይክሮኮንትሮለር፣ የውሃ መለኪያ ሴንሰር፣ ባትሪ። ዳታሺቱን (አምራቹ የቺፑን ችሎታና ወሰን የጻፈበትን ሰነድ) አይተው ሲያሰሉት ባትሪው ዓመት ሊጠጋ ነው፤ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን ሦስት ሳምንት አይሞላም። ያኔ ጥፋቱ በቺፑ ይላከካል፤ «ፎርጅድ ነው» ይባላል። ፎርጅድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ የተነበበው ሌላ ሰነድ ወይም ሌላ ረድፍ ሆኖ ነው።

የቺፑን ፍጆታ የቦርዱ አድርጎ መውሰድ

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ስለሆነ በቁጥር እንየው። ኢኤስፒ 32 የተባለው የኤስፕሬሲፍ ኩባንያ ዋይፋይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ዳታሺት በዲፕ ስሊፕ (ጥልቅ እንቅልፍ) ጊዜ፣ ታይመሩና በእንቅልፍ የማይጠፋው ትንሽ የአርቲሲ ሜሞሪ ብቻ ሲሠሩ፣ 10 ማይክሮአምፔር ይላል። ይህ የቺፑ ብቻ ነው። ከመርካቶ የሚገዛው የልምምድ ቦርድ ላይ ደግሞ የዩኤስቢ ቺፕ፣ የማይጠፋ ትንሽ መብራት እና ብዙ ጊዜ ኤኤምኤስ 1117 የተባለው ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ለቺፑ በሚስማማ መጠን የሚያወርደው ክፍል) አሉ። ሬጉሌተሩ ምንም ጭነት ሳይኖርበት ለራሱ 5 ሚሊአምፔር ያህል እንደሚወስድ የራሱ ዳታሺት ይናገራል።

ሴንሰሩ በየ15 ደቂቃው ይነቃል እንበል። በዋይፋይ ተገናኝቶ ለመላክ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ በአማካይ 100 ሚሊአምፔር ይወስዳል። በቀን 96 ጊዜ ሲሆን 8 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። ቺፑ ብቻውን ሲተኛ በቀን የሚበላው 0.24 ነው። 2,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ የ18650 ባትሪ በዚህ ስሌት 300 ቀን ይደርሳል። ቦርዱ ሲጨመር ግን ሬጉሌተሩ ብቻውን በቀን 120 ይበላል፤ ድምሩ 128 ይሆንና ባትሪው በ19 ቀን ያልቃል። መብራቱንና የዩኤስቢ ቺፑን ገና አልቆጠርንም።

የዚሁ ሬጉሌተር ዳታሺት ሌላም ነገር ይዟል። 3.3 ቮልት ለማውጣት መግቢያው ላይ 1.1 ቮልት ያህል ትርፍ ይፈልጋል። 3.7 ቮልት ላይ ካለ ባትሪ የሚወጣው እንግዲህ 2.6 ቮልት ገደማ ነው፤ ዋይፋዩ ሲነሳ ቦርዱ ደጋግሞ ሪሴት የሚያደርገውም ከዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው የቦርዱን የሰርኪዩት ንድፍ ማውረድና ከባትሪው መስመር ጋር የተያያዘውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ መዘርዘር ነው። ከእያንዳንዱ ፊት ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚወስደውን ይጻፉ። ለሥራው የልምምድ ቦርዱን ትተው ሞጁሉን (ቺፑና አንቴናው ያሉበትን ትንሽ ክፍል) ብቻ ይጠቀሙ፤ ሬጉሌተሩ የራሱ ፍጆታ በማይክሮአምፔር የሚቆጠር ይሁን። ሲመርጡ ግን የሚያወጣውን ከፍተኛ ከረንት አብረው ይመልከቱ። ኤምሲፒ 1700 የተባለው ሬጉሌተር ለራሱ 1.6 ማይክሮአምፔር ብቻ ይወስዳል፤ ሆኖም ከ250 ሚሊአምፔር በላይ አያወጣም። ኢኤስፒ 32 ሲልክ ለቅጽበት 240 ስለሚደርስ ይህ አፋፍ ላይ መቆም ነው። 500 የሚያወጣ ይሻላል። የውሃ መለኪያ ሴንሰሩንም በሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚሠራ ትራንዚስተር) እያጠፉ ያብሩት፤ ዋናው ቺፕ ተኝቶ እሱ ነቅቶ ማደሩ የተለመደ ጥፋት ነው።

ዳታሺት ብቻ አንብቦ መጀመር

ዳታሺት ቺፑ ምን እንደሚችልና ወሰኑ የት እንደሆነ ይናገራል። ሬጅስተሮቹ (የቺፑን ክፍሎች በኮድ የምናዝባቸው ቦታዎች) አንድ በአንድ የሚገለጹት በሪፈረንስ ማኑዋሉ ነው። በዚያ ላይ ኢራታ የሚባል ሰነድ አለ፦ አምራቹ ራሱ «ይህ እንደተጻፈው አይሠራም» ብሎ ያመነባቸውን ጉድለቶችና መላቸውን የሚዘረዝር። ኮዱን ሦስት ቀን ከመፈተሽ በፊት ኢራታውን አሥር ደቂቃ ማየት ብዙ ድካም ያድናል። ኢራታ የሚጻፈው ለቺፑ ሪቪዥን ስለሆነ፣ ጀርባው ላይ የታተመውን ኮድ በስልክ ካሜራ አጉልተው ያንብቡና ከሠንጠረዡ ጋር ያመሳክሩ።

ፒን ሲመደብ ሰነዱን ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። የኢኤስፒ 32 ጂፒአይኦ 12 የተባለው ፒን ቺፑ ሲነሳ የፍላሹን (ኮዱ የሚቀመጥበትን ሜሞሪ) ቮልቴጅ ይወስናል። እዚያ ላይ መስመሩን ወደ ላይ የሚስብ ሴንሰር ከታሰረ ፍላሹ 1.8 ቮልት ነው ብሎ ይወስድና ቦርዱ አይነሳም፤ ሴንሰሩ ሲነቀል ይነሳል። ይህ ዳታሺቱ ውስጥ አለ። ሁለተኛው፣ የኤዲሲ 2 (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር ከሚቀይሩት ሁለት ክፍሎች የሁለተኛው) ፒኖች ዋይፋይ እየሠራ ለንባብ አይሆኑም። አናሎግ የግፊት ሴንሰር እዚያ ካሰሩ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዋይፋይ ሲሞከር በደንብ ያነባል፤ ዋይፋዩ ሲበራ እንቢ ይላል። ሽቦውን ወደ ኤዲሲ 1፣ ለምሳሌ ወደ ጂፒአይኦ 34 ያዛውሩት።

የሌላ ቺፕ ወይም የሌላ ስሪት ገጽ መከተል

የኤስፕሬሲፍ የፕሮግራም መመሪያ ገጹ ላይ ሁለት ምርጫ አለው፦ የቺፑ ዓይነትና የሶፍትዌሩ ስሪት። ከፍለጋ ሲገቡ የሚከፈተው ግን ያጋጠመው ነው፤ እጅዎ ላይ ያለው ኢኤስፒ 32-ሲ3 የተባለው ሌላ ቺፕ ሆኖ የኢኤስፒ 32ን ገጽ ሊያነቡ ይችላሉ። የኤንአርኤፍ ቺፖችን በሚሠራው በኖርዲክ በኩል የቀድሞው የኤንአርኤፍ 5 ልማት ጥቅልና ዜፈር በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ የተሠራው ኤንአርኤፍ ኮኔክት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። የአንዱ ምሳሌ በሌላው ውስጥ አይገባም። ስሪቱን በፕሮጀክቱ መጀመሪያ ይወስኑ፤ መብራትና ኔትወርክ አብረው በሚሄዱበት ሰፈር የዚያኑ ስሪት ፒዲኤፍ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ከቁጥሩ ጎን ያለውን ሁኔታ አለማንበብ

ሠንጠረዡ ላይ ትልቅ ሆኖ የሚታየው ቁጥር የተለመደው ዋጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካ። የሱሉልታ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ እጅግ ይርቃል። ሲአር 2032 ዓይነት የሳንቲም ባትሪ በብርድ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሬዲዮው ሲልክ ቮልቴጁ ይወርድና ቺፑ ይጠፋል። ቀን ላይ ሠርቶ ንጋት ላይ የሚጠፋ ሴንሰር ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ከባትሪው ጋር በትይዩ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማሰር ይረዳል።

ሁኔታው የሚጻፈው በትንንሽ ፊደል ነው። የኖርዲኩ ኤንአርኤፍ 52832 በ0 ዲቢኤም (የሬዲዮ ኃይል መለኪያ) ሲልክ 5.3 ሚሊአምፔር የሚለው በ3 ቮልት፣ ቺፑ ውስጥ ያለው ኃይል ቆጣቢ የዲሲ/ዲሲ ኮንቨርተር ሲበራ ነው። ይህ ኮንቨርተር ሪሴት ሲደረግ ጠፍቶ ስለሚነሳ በኮድ ማብራት ያስፈልጋል፤ ካልበራ የሬዲዮው ፍጆታ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቦርዱ ላይ ኮንቨርተሩ የሚፈልጋቸው ኢንዳክተሮች (የሽቦ ጥቅሎች) ሳይኖሩ ማብራት ደግሞ ቺፑን ያቆመዋል። ስለዚህ አስቀድመው ንድፉን ይዩ።

የአንቴናውን ንድፍ ማሻሻል

አምራቹ የሰጠውን ንድፍ ሳይነኩ ይቅዱ። የቦርዱ ውፍረት እንኳ ንድፉ ውስጥ ይቆጠራል፤ ባለ ሁለት ገጽና 1.6 ሚሊሜትር በሆነ ኤፍአር 4 (የተለመደው የቦርድ ቁስ) ላይ ወደ አንቴናው የሚሄደው የ50 ኦም መስመር 3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ በ0.8 ላይ ደግሞ ግማሹን። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሚቀመጥ ሴንሰር አንቴናውን ከብረቱ ማራቅም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ፍሪኩዌንሲውን ሻጩ ባለው ማመን

ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ነፃ ባንድ የአይቲዩ (የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት) ክልል 2፣ ማለትም የአሜሪካዎቹ ነው። ኢትዮጵያ ክልል 1 ውስጥ ናት። የ868 እና የ915 ሜጋኸርዝ ሞጁሎች ግን በመልክ አይለዩም፤ ሙሉውን የሞጁል ቁጥር ከዳታሺቱ ጋር ያመሳክሩ። ሰነዱ ላይ ያለው የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ማረጋገጫ የእኛን አይተካም፤ ለሽያጭ ካሰቡ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድመው ይጠይቁ።

ዲበገሩን ሳይነቅሉ መለካት

በኤንአርኤፍ 52 ላይ ዲበገር (ኮድ ለመጫንና ለመፈተሽ የሚያያዘው መሣሪያ) ከተያያዘ ጥልቁ እንቅልፍ ማስመሰል ብቻ ይሆናል፤ ይህም በሰነዱ ተጽፏል። የተከፈተ የዩአርት (ቺፑ ከኮምፒውተር ጋር መልእክት የሚለዋወጥበት መስመር) መቀበያም በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮአምፔር ይወስዳል። መልቲሜትሩም ያሳስታል፦ በማይክሮአምፔር ክልል የውስጥ ሬዚስታንሱ 100 ኦም ከሆነ፣ ሬዲዮው 5 ሚሊአምፔር ሲስብ 0.5 ቮልት ይጠፋና ባትሪው ደከም ካለ ቺፑ ሪሴት ሊያደርግ ይችላል። ዲበገሩን ይንቀሉ፣ የዩአርት ሎግን በኮድ ያጥፉ፣ ባትሪውን አውጥተው ይመልሱ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቺፑ ተነስቶ እስኪተኛ ይጠብቁ፤ ከተኛ በኋላ ሽቦውን አንስተው፣ እንደገና ከመንቃቱ በፊት ያንብቡ።