ልብ ወለዱ አልንቀሳቀስ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ፒያሳ አካባቢ ባጃጅ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። «አቀበቱ ላይ ቆመብኝ» እያለ የሚመጣውን ሾፌር ስለ አቀበቱ አይጠይቀውም። «ቤንዚን ከየት ቀዳህ?» ነው የሚለው። ጎንደር አቀበት አታጣም፤ በሃይላንድ የሚሸጥ ቆሻሻ ቤንዚንም እንዲሁ። የኔ ረቂቆችም የሚቆሙት ምዕራፍ ሰባት ላይ ሆኖ የተበላሹት ምዕራፍ አምስት ላይ ነበር።

ምልክት፦ በየማለዳው ያችኑ ገጽ ከፍቶ፣ አንድ ቃል ቀይሮ መዝጋት

ብዙ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። እኔ እንዳየሁት ግን ባለታሪኮቹ ያለጊዜያቸው ታርቀዋል። የኔዋ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። ታላቅ ወንድሟ የአባታቸውን በሬዎች ሸጦ ወደ መተማ ከወረደ ከስምንት ዓመት በኋላ ይመለሳል። በመጀመሪያው ረቂቅ አቅፋው አለቀሰች፣ እግሩን አጠበችው፣ ቡና አፈላችለት። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ አንዲት አንቀጽ አልወጣኝም። ምን ይወጣል? ታሪኩ እኮ አልቋል!

መፍትሄው፦ ከቆማችሁበት ሃያ ሠላሳ ገጽ ወደ ኋላ ተመለሱና አንድ ሰው በቀላሉ «እሺ» ያለበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ «እምቢ» አስብሉት። የቀደመውን አትሰርዙ፤ በሌላ ወረቀት ሞክሩ። እኔ በሩን እንዳትከፍት አደረግኋት። በርበሬ እየነፋች ነው። «ቤቶች!» ሲል ድምፁን ወዲያው ለይታዋለች። ወንፊቱን ግን አላስቀመጠችም፣ ቀይ ብናኙ እጇ ላይ እየወረደ፣ «ማን ልበል?» አለች።

በማግስቱ ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ።

ምልክት፦ ሁሉም ባለታሪክ በአንድ አፍ ይናገራል

እዚሁ ጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ጣሪያ ያየ ያውቀዋል፤ የተሳሉት መላእክት ተመሳሳይ ፊት ይዘው፣ ረድፍ ሠርተው፣ በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል ያያሉ። ለጣሪያ ያምራል። አርባ ገጽ ንግግር እንዲያ ሲሆን ግን ጸሐፊው ራሱ ማን እንደተናገረ ይጠፋበታል፣ ይሰለቻልም፣ ይቆማልም።

ምክንያቱ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ አለመወሰን ነው። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ እያለ የሚለይ ቋንቋ ይዘን ሁሉንም እንደ ዜና አንባቢ ማናገር ያሳዝናል። አንድ ገጽ ላይ የባለታሪኮቹን ስም ጻፉና በመካከላቸው ያለውን መጠሪያ ሙሉ፦ እትዬ፣ ጋሼ፣ አያ፣ የክርስትና ስም፣ የቁልምጫ ስም። ከዚያ መጠሪያው የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጉ። የታሪኩ መታጠፊያ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። የበርበሬ ሻጯ ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምሮ «አያ፣ ይግቡ» እያለች ያደገች ናት። በሩን በሦስተኛው ቀን ስትከፍት «ግባ» አለችው። አያም የለ፣ አንቱታም የለ። ስለ በሬዎቹ አንድ ቃል ሳይነሳ ነገሩ ሁሉ ተነገረ።

ምልክት፦ ማስታወሻው ደልቧል፣ ልብ ወለዱ ከስቷል

ይህ የጎንደር በሽታ ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 በቆረቆሯት ከተማ፣ ግንቡን እያየ አድጎ የታሪክ ልብ ወለድ ያልጀመረ ጸሐፊ እስካሁን አላጋጠመኝም። የኔው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ነበር፤ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 የነገሡበት ጊዜ መሆኑ ነው። ዓመት ሙሉ አንብቤ አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ።

እንዳልሳሳት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። መድኃኒቱ ያላወቁት ቦታ ላይ ኮከብ አድርጎ ማለፍ ነው። እኔ ሳላውቅ አንዲት የቤተ መንግሥት ወይዘሮ እንግዳዋን ቡና አጠጣች ብዬ ጽፌ ነበር። በዚያን ዘመን ቡና በክርስቲያን ቤት እንደ ነውር ይታይ ነበር። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ ሲነግረኝ አፈርኩ፣ ቡናውንም በጠጅ ተካሁት። ማታ ተኝቼ ግን፦ ተደብቃ ብትጠጣስ? የሚቆላ ቡና ሽታ ደግሞ አይደበቅም። አገልጋይዋ ታውቃለች፣ የነፍስ አባቷ ይጠረጥራሉ... ሦስት ምዕራፍ ከዚያች ስህተት ወጣ።

የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ፣ ቁስቋም፣ መውጣት ካስፈለጋችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ውጡ። የኔው፣ ከታች ሮጦ የመጣ መልእክተኛ እቴጌ ፊት ሲቆም ወዲያው መናገር ይችላል ወይ የሚል ነበር። አይችልም፤ ሞክሬዋለሁ።

ምልክት፦ መብራት ጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ሞተ

ደብተር።

ምልክት፦ ሁሉም ተሞክሮ ንቅንቅ አላለም

ያኔ ነገሩ መጀመሪያውኑ ረጅም ልብ ወለድ ላይሆን ይችላል። ገጾቹን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ባወጣቸው የሚከፋኝን ብቻ አነሳሁ። ከመቶ አርባ ገጽ አሥራ አንድ ቀረ፤ አጭር ልብ ወለድ ሆኖ ተነበበ። የቀረውን እናቴ እሳት ልታያይዝበት ስትል ለመንኳትና መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።