ለልጃችሁ የመኪና ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት

ትምህርት ሲዘጋ ወጣቶች መኪና ይዘው የሚወጡበት ጊዜ ይበዛል። አሜሪካኖች ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ለወጣት ሾፌሮች «100ዎቹ ገዳይ ቀናት» ይሉታል።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ፍጥነትን ነው። ልክ ነው፣ ያስፈራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «አብሮህ ማን አለ?» ብዬ ነው። አዲስ ሾፌር እኩዮቹን ሲጭን የአደጋው ዕድል ይጨምራል፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ከኋላ አንዱ ይጠራዋል፣ ዞር ይላል። በዚያች ቅጽበት የፊተኛው መኪና ፍሬን ይዟል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጓደኛ ባይጭን ይሻላል። ግድ ከሆነ አንድ ብቻ።

ስልክም አለ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለ5 ሰከንድ ስልኩን ካየ፣ ከ80 ሜትር በላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው። በወሬ አይገባውም። አብራችሁት ወጥታችሁ 80 ሜትር በእግር ለኩ፤ ዞር ብሎ መነሻውን ሲያየው ይደነግጣል። ከዚያ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ከኋላ ወንበር ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ቀበቶ ለሁሉም፣ ከኋላ ለተቀመጡትም ጭምር። ማታ ብቻውን ከመንዳቱ በፊት ደግሞ እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ደጋግሞ ይለማመድ።

በመጨረሻ ይህን ንገሩት፦ «ከደከመህ ወይም የሚነዳው ልጅ ከጠጣ፣ በየትኛውም ሰዓት ደውል። መጥቼ እወስድሃለሁ፣ አልቆጣህም።» ቃላችሁንም ጠብቁ። አንዴ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይደውልም።