ጨረር ስትሰይሙ ከመነሻው ጀምሩ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን የእህቴን ልጅ ጂኦሜትሪ እያስጠናኋት ነበር። ደብተሯ ላይ ጨረሩን አሳምራ አስምራለች፣ ስሙን ግን ገልብጣ ጽፋዋለች። አጠገቡ ቀይ ኤክስ አለ። «አጎቴ፣ ፊደሎቹ እኮ ያው ናቸው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፊደሎቹ ያው ናቸው። የተሳሳተው ቅደም ተከተላቸው ነው።

ጨረር ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳያቋርጥ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። መነሻ አለው፣ መድረሻ የለውም። ስሙ ሁለት ፊደል ነው፦ መጀመሪያ የመነሻው ፊደል ይጻፋል፣ ቀጥሎ ጨረሩ ላይ ካሉት ሌሎች ነጥቦች የአንዱ። ሁለተኛውን እንደፈለጋችሁ ምረጡ፣ የመጀመሪያው ላይ ግን ምርጫ የላችሁም።

ለእሷ ነገሩ የገባት በጎንደር መንገድ ነው። ከባሕር ዳር ስትወጡ ሐሙሲትን፣ ከዚያ ወረታን ታገኛላችሁ። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ እኛ ግን በማስመሪያ ቀጥ አደረግነውና ባሕር ዳርን ሀ፣ ሐሙሲትን ለ፣ ወረታን መ አልናቸው። ከሀ የተነሳውን «ጨረር ሀለ» ብትሉትም «ጨረር ሀመ» ብትሉትም አንድ ነው፤ ከባሕር ዳር የተነሳው መኪና ሐሙሲትን ብትጠሩለትም ወረታን ብትጠሩለትም ያው በዚያው በኩል ነው የሚሄደው። «ጨረር ለሀ» ካላችሁ ግን ሐሙሲት ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ባሕር ዳር አዙራችኋል፣ እሷንም አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

ከፊደሎቹ በላይ ትንሽ ቀስት ይደረጋል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ጨረሩ ወደ ግራ ከሄደ ቀስቱንም ወደ ግራ ያዞሩታል። እንደዚያ አይደለም! ጨረሩ ወደ ግራ ቢሄድ፣ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ቁልቁል ቢወርድ፣ ስሙ ላይ ያለው ቀስት ሁሌም ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ጭራው መነሻው ፊደል ላይ፣ ጫፉ ሁለተኛው ላይ ይሆናል። ቀስቱ በሁለቱም በኩል ጫፍ ካለው ሙሉ መስመር ነው፣ ጫፍ የሌለው ሰረዝ ከሆነ ደግሞ ቁራጭ መስመር። በእነዚህ በሁለቱ ፊደሎቹን ብትገለብጡ ችግር የለውም።

ሀለ እና ለሀ ተቃራኒ ጨረሮች የሚመስሏችሁ ካላችሁ፣ አይደሉም። መነሻቸው ይለያያል፣ በሀ እና በለ መካከልም ይደራረባሉ። ተቃራኒ የሚባሉት ከአንድ ነጥብ ተነስተው ጀርባ ተሰጣጥተው ሲሄዱ ነው፤ ከሐሙሲት አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ወደ ወረታ። ለሀ እና ለመ ማለት ነው።

ልምምድ ከፈለጋችሁ፣ በሀ፣ በለ እና በመ ስንት የተለያየ ጨረር መሰየም ይቻላል? ልጅቷ ቶሎ ብላ «ስድስት!» አለች። ስሞቹ ስድስት ናቸው፣ ልክ ነው። ከዚያ ጣቷን ደብተሩ ላይ እያስኬደች ሀለን ከሀመ ጋር፣ መለን ከመሀ ጋር አንድ አደረገቻቸውና «አራት» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ ጠየቀች፦ «ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲት ተቃራኒ፣ ወደዚህኛው በኩል የሚሄደውስ?» ሁለተኛ ፊደል ስለሌለው መሰየም እንደማይቻል ነገርኳት። እርሳሷን አነሳች፣ በዚያ በኩል አንድ ነጥብ አስቀምጣ «መርዓዊ፣ ሠ» ብላ ጻፈች፣ ቀጥላም «ጨረር ሀሠ»። ቀስቱ ወደ ቀኝ ነበር።