ከደጋ ወደ በረሃ፦ የቡድን የእግር ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ያደገ ሰው ብርድን ያውቃል። ጋቢ መቼ እንደሚደረብ፣ ውርጭ በየትኛው ወር እንደሚበረታ ማንም አይነግረውም። ሙቀት ላይ ግን ጀማሪ ነው። ደግሞ በረሃው ሩቅ አይደለም። አንኮበር ገደል አፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው፣ ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ የአፋር ቆላ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። "እዚህ ጋ አይደል እንዴ፣ ለምን አንወርድም?" ማለት ይመጣል። ቅዳሜና እሁድ ሃይኪንግ የሚወጡ ወጣቶች ሲሰበሰቡ ይህን የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ተራራ ከመውጣት በአንድ ነገር ይለያል። ተራራ ሲወጣ ድካሙ መጀመሪያ ነው፤ መመለሻው ይቀላል። ወደ በረሃ ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። ቁልቁለቱ ደስ ይላል፤ ሁሉም ይስቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይዘፍናል። ዳገቱ የሚመጣው ውኃው ካለቀ፣ ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች፣ ጉልበት ከከዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ከመመለሻው ጀምሩት። መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ "ከታች ወደ ላይ በምን እንወጣለን?" የሚለው ነው። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ በእግር ውረዱ፣ በመኪና ውጡ።

1. መንገዱን ምረጡ

ለጀማሪ ቡድን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ እመርጣለሁ። ታሪክ ያለው መንገድ ነው። ከታጁራ ወደብ (ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ነው) ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ሸዋ የሚገባው በዚህ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የላከው ልዑክም ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ግመሉ ከተራራው ግርጌ ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ጭነቱ የሰው፣ የበቅሎና የአህያ ነው። ግመል የተወውን ዳገት እናንተ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ልትወጡት ካሰባችሁ እንግዲህ የእናንተ ጉዳይ ነው።

አልዩ አምባ መኪና ይደርሳል። ለመጀመሪያው ጊዜ እስከዚያ ወርዳችሁ መኪናው እዚያ ቢጠብቃችሁ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአርጎባ መንደርና የአፋር ሜዳ ለሚቀጥለው ይቆይ። በጣርማ በር በኩል ያላችሁ ደግሞ ሸዋ ሮቢት አድራችሁ በማለዳ አጫጭር ጉዞ ብታደርጉ ጥሩ ልምምድ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ዓርብ ማታ ጋቢ ለብሶ ያመሸ ሰው ቅዳሜ በረሃ ውስጥ እንደ ቆላ ሰው ሊሄድ አይችልም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት፦ 1,000 ሜትር በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚያ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 1,000 ሜትር ላይ ያለው ሜዳ 32 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ደግሞ የጥላ ልክ ነው።

2. ወሩን ምረጡ

ከኅዳር እስከ ጥር። ግንቦትና ሰኔን እንዳታስቡት።

ክረምትና በልግ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ደራሽ ውኃ። ዝናቡ የሚጥለው አንኮበርና ጣርማ በር ላይ ነው፤ ውኃው የሚወርደው ግን እናንተ ጋ ነው። ከታች ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ እየታየ፣ ደረቁ ወንዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ይችላል። ነገሩን አደገኛ የሚያደርገው የደረቅ ወንዝ አሸዋ ለመኝታ መመቸቱ ነው። ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ የለውም፣ ዳርና ዳሩ ግራር አለው። ድንኳን ለመትከል ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። አትተኙበት። ዳር ላይ ባሉት ዛፎች ግንድ ዙሪያ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተጠምጥሞ ካያችሁ ውኃው የት ድረስ እንደሚደርስ ነግሯችኋል። ከዚያ በላይ እደሩ።

3. ፈቃድና መንገድ መሪ

የጸጥታ ሁኔታ ይለዋወጣል። ባለፈው ወር ሰላም የነበረ መንገድ ዛሬም ሰላም ነው ብሎ መነሣት አይቻልም። የወረዳውን አስተዳደር ጠይቁ፤ ደብዳቤ ያዙ። የክልል ወሰን የምትሻገሩ ከሆነ በአፋር በኩልም አስፈቅዱ። "አሁን አይሆንም" ከተባላችሁ አትሟገቱ፤ ጉዞው ይሰረዝ።

መንገድ መሪው የአካባቢው ሰው ይሁን። ስልክ ላይ ያለ ካርታ መንገዱን ያሳያል፤ የትኛው ኤላ (የውኃ ጉድጓድ) ውኃ እንዳለው ግን አያውቅም። የቀን አበሉን፣ ምግቡንና የአህያውን ኪራይ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። መጨረሻ ላይ መከራከር ያሳፍራል።

አፋር ምድር ስትገቡ መሪያችሁ መንገድ ላይ ካገኘው ሰው ጋር ቆሞ ረዘም ያለ ወሬ ቢይዝ አትቸኩሉ። ዳጉ ይባላል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብሎ ወሬ የመለዋወጥ ባህል ነው። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የቱ መንገድ እንደተዘጋ፣ የት ግጭት እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከፊታችሁ ያለውን መንገድ የሚነግራችሁ ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም። በዚያ ሰዓት ሰዓታችሁን እያያችሁ "እንሂድ እንጂ" ብትሉ ጉዳቱ ለራሳችሁ ነው።

ኤላ የከብት አርቢው ንብረት ነው። ሳታስፈቅዱ አትቅዱ። እግር መታጠብማ አይታሰብም። ሰው ፎቶ ስታነሡም መጀመሪያ ጠይቁ፤ በተለይ ሴቶችን።

4. ማን ይሄዳል?

ከ8 እስከ 15 ሰው ይበቃል። አርባ ሰው በኮስተር ጭኖ መውረድ ሠርግ እንጂ የእግር ጉዞ አይደለም።

ከመሪው ሌላ ሦስት ሰው ያስፈልጋችኋል፦ ገንዘብ ያዥ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ያዥ፣ ኋላ ጠባቂ። ኋላ ጠባቂ የሚባለው ከማንም ቀድሞ የማይራመድ ሰው ነው። ከሁሉም ጎበዝ የሆነውን እዚህ ቦታ ላይ አድርጉት። ብዙ ቡድን ጎበዙን ፊት ያሰልፍና እሱ እየሮጠ ሌላው ይንጠባጠባል። በእግሩ ቀሰስ የሚለው ሰው ፊት ሆኖ የቡድኑን ፍጥነት ይወስን። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ያመሰግናል።

መዋጮ ሲሰበሰብ የጤና ጥያቄም አብሮ ይጠየቅ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት፣ አስም ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፤ ሁሉም ለአንድ ሰው በግል ይንገሩ። ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የነበረበት ይቅር።

5. ውኃውን ቁጠሩ

ይህን ክፍል በዓይን ግምት አትለፉት። በሙቀት ውስጥ የሚራመድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ለአንድ ቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር ያዙ። 12 ሰው ካላችሁ 60 ሊትር ነው። 60 ሊትር ማለት 60 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። አንድ አህያ ሁለት ጀሪካን ግራና ቀኝ ትይዛለች። ሦስተኛው በየሰው ጠርሙስ ይከፋፈል። የአህያዋ ውኃ በዚህ ውስጥ የለም፤ እሷም ትጠጣለች። ከታች የሚጠብቃችሁ መኪና ውስጥ ደግሞ ሌላ ውኃ ይኑር።

ጀሪካኑ ዘይት የነበረበት ከሆነ በሳሙናና በፈላ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ አሁንም ከሸተተ ሌላ ግዙ። ሙቀት ሽታውን ያወጣዋል፣ ሰውም መጠጣት ይተዋል።

ከወንዝ ወይም ከኤላ የምትቀዱ ከሆነ በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ አፍሉት፤ ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ ጨምራችሁ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁ።

ውኃ ብቻውን አይበቃም። የሚያልበው ሰው ጨውም ያወጣል። ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ የአንዱን ኮፍያ አውልቃችሁ እዩት፤ ላቡ በደረቀበት ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ታገኛላችሁ፣ ጨው ነው። ሳይበሉ ንጹሕ ውኃ ብቻ እየደጋገሙ መጠጣት የደምን ጨው ያሳጥራል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መደናገር ያመጣል። ስለዚህ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ያዙ። ከጠፋ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ እንጂ ተቆልሎ አይሁን።

በቂ መጠጣታችሁን ለማወቅ ሽንታችሁን እዩ። ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ሻይ ከጠቆረ ዘግይታችኋል።

6. ስንቅና ልብስ

በሶ የመንገድ ንጉሥ ነው፤ ግን ውኃ ይፈልጋል። ጠርሙስ ውስጥ በውኃ፣ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ ብትጠጡት ሁለቱንም ጉዳይ ይጨርሳል። ጭኮ ጥሩ ነው፣ ቅቤው ግን በሙቀት ስለሚቀልጥ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ይሁን። ቆሎ፣ ቴምር፣ ብርቱካን፣ ድርቆሽ ይሄዳሉ። ወጥ በሙቀት ይበላሻል፤ ከቁርስ አታሳልፉት። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ካለ ስንቁን ለይታችሁ አዘጋጁ። የአርጎባና የአፋር ሰው ሙስሊም ነው፤ ጉዟችሁ ረመዳን ላይ ከዋለ ሰው ፊት ቀን ቀን እየበሉ መሄድ ነውር ነው። አረቄ አትያዙ።

ልብስ እጅጌው ረጅም፣ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ሰፋ ያለ ይሁን። "ይሞቃል" ብሎ ቁምጣ የለበሰ ሰው በፀሐይም በእሾህም ይቀጣል። ሻሽ ወይም ነጠላ ኮፍያ ሥር አድርጋችሁ አንገታችሁን ሸፍኑ። ሰንደል ጫማ ለግራር እሾህ ምንም አይደለም፤ ሶሉ ወፍራም የሆነ የለመደ ጫማ አድርጉ። ሌላው ቀርቶ የእግራችሁን ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ። ቁልቁለት ሲወረድ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ነው የሚወርደው፤ ረጅም ጥፍር ማታ ጥቁር ሆኖ ይገኛል።

ጋቢውን መኪና ውስጥ ተዉት። ማታ ደብረ ብርሃን ስትመለሱ በላብ የራሰ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ከመኪና መውረድ ሌላ በሽታ ነው።

7. የቀኑ ሰዓት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት መንገድ ጀምሩ። 50 ደቂቃ ተጓዙ፣ 10 ደቂቃ በጥላ ዕረፉ፣ ጠጡ። በዕረፍቱ ሰው ይቆጠር። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጓደኛ ለጓደኛ ይተያይ፤ ወሬኛው ዝም ካለ፣ ዝምተኛው ከተነጫነጨ የሆነ ነገር አለ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የትም ብትደርሱ ጥላ ፈልጉ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቡና አፍሉ፣ ተኙ፣ ተጫወቱ። ብዙ የከተማ ልጅ ይህን ዕረፍት ስንፍና ይመስለዋል። እስቲ ከብት ጠባቂዎቹን በዚያ ሰዓት ፈልጓቸው፤ የምታገኟቸው ግራር ሥር ነው።

8. ሰው ቢታመም

ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው፣ በጣም ያላበው ሰው ጥላ ውስጥ እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ፤ ኦአርኤስ በጥቂቱ ይጠጣ። በግማሽ ሰዓት ካልተሻለው ጉዞው አብቅቷል።

የሚቀባጥር፣ የሚንገዳገድ፣ ገላው የሚያቃጥል፣ ራሱን የሳተ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ይገድላል። ልብሱን አሳሱ፣ ያላችሁን ውኃ ገላው ላይ አፍስሱ፣ በነጠላ አራግቡ፤ እርጥብ ጨርቅ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ለመጠጥ የተቀመጠውን ውኃ አትሰስቱ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። እያቀዘቀዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እባብ ለነደፈው ማሰር፣ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ የለም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፉ፣ ተሸክማችሁ ውሰዱት። እባቡን ለመግደል መሯሯጥ ሁለተኛ በሽተኛ ያመጣል።

በየሸለቆው ኔትወርክ ይጠፋል። ስለዚህ የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት እንደሆነና የአምቡላንሱን ስልክ ከመውረዳችሁ በፊት ወረዳው ላይ ጠይቁ። ቀሪ ለሆነ አንድ ቤተሰብም "እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልደወልን ፈልጉን" ብላችሁ ውጡ።

9. ብታድሩ

አጎበር ያዙ። ጫማ ጠዋት ሳይራገፍ አይደረግም፤ ጊንጥ ሙቀት ያለበት ጨለማ ቦታ ይወዳል። ማታ ለሽንት የሚወጣ ሰው ባትሪ ያብራ፣ ባዶ እግሩን አይሂድ። ለእሳት የወደቀ እንጨት ብቻ ልቀሙ፤ ግራር አትቁረጡ። የፕላስቲክ ጠርሙሱ ከእናንተ ጋር ይመለሳል። ፍየልና ግመል ፌስታል ይበላሉ፣ ይሞታሉም።

ሂሳቡን በዚያው ሳምንት ዝጉ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ወባ ምልክቷን ብዙ ጊዜ የምታሳየው ከ1 ሳምንት በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ወራትም ይቆያል። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣባችሁ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትተኙ። ሐኪሙ ደብረ ብርሃን ላይ ወባን መጀመሪያ ላያስብ ስለሚችል፣ ሳትጠየቁ "ቆላ ወርጄ ነበር" በሉና የደም ምርመራ ጠይቁ።