የመኪና ጣራ ድንኳን ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ወዳጄ ከዱባይ ያስመጣውን የጣራ ድንኳን (መኪና አናት ላይ ታስሮ፣ ማታ ተዘርግቶ የሚተኛበት) ፕራዶው ላይ ባሰረ ማግስት ሥራ ገባ። ማለቴ፣ ሊገባ ሞከረ። የቢሮው ፓርኪንግ ምድር ቤት ነው። መግቢያው ላይ «2.10 ሜትር» የተጻፈበት ቢጫ ብረት ተንጠልጥሏል። ፕራዶ ብቻውን ወደ 1.90 ይጠጋል። ፖርቶ መጋላ (ጣራ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ብረት) እና የታጠፈ ድንኳን ሲጨመርበት 2.20ን ያልፋል። ጥበቃው ሮጦ ባያስቆመው ኖሮ ያ ድንኳን ላንጋኖን ሳያይ አብቅቶለት ነበር። ወዳጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን የሚያቆመው መንገድ ዳር ነው።

እሱ ላይ ለመሳቅ አይደለም፤ የኔም ታሪክ ከዚህ አይሻልም። መጀመሪያ ድንኳኑን አይተን እንወዳለን። ስለ መኪናችንና ስለምናድርበት ቦታ የምናስበው ከከፈልን በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጣራው ስንት ኪሎ እንደሚችል አለመጠየቅ

የጣራ ድንኳን አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። «ይሄ ሁሉ ክብደት፣ ላዩ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ተኝቶበት ጣራው አይሰምጥም?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው አለ። ቆሞ ያለ መኪና ጣራ ብዙ ይችላል። የሚያስጨንቀው መኪናው ሲሄድ ነው። ፍሬን ሲይዙ፣ ኩርባ ሲዞሩ፣ ጉድጓድ ሲገቡ ያ 60 ኪሎ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይገፋል፣ ይጎትታል፣ ይደበድባል። መኪናው እየሄደ ጣራው የሚችለውን ክብደት ዳይናሚክ ሎድ ይሉታል። በብዙ ኤስዩቪዎች መመሪያ ላይ የሚያገኙት ቁጥር ከ75 እስከ 100 ኪሎ አካባቢ ነው። የእርስዎ መኪና መመሪያ በጃፓንኛ ከሆነ ሞዴሉንና የተሠራበትን ዓመት ይዘው ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉት።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩ። ከዚያ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ፖርቶ መጋላው ራሱ ነው። በያጅ ጋ ወስደን በቱቦላሬ (በብረት ቱቦ) የምናሠራው ፖርቶ መጋላ ጠንካራ ነው፣ አልክድም። ግን ከባድ ነው። ጣራው 80 ኪሎ የሚችል ቢሆንና ፖርቶ መጋላው 35 ቢመዝን የሚቀርዎት 45 ነው። 60 ኪሎ ድንኳን ከጫኑ ገና ከግቢ ሳይወጡ 15 ኪሎ አልፈዋል። የዓባይን በረሃ ወይም ሊማሊሞን ሲወርዱ ያ ትርፍ ክብደት በየኩርባው ራሱን ያስታውስዎታል። አልሙኒየም ባር የሚመረጠው ለውበት አይደለም፤ ስለሚቀል ነው።

የድሮ ሃርድቶፕ ያለው ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። የጣራው ጠርዝ ላይ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ከንፈር አለው። የባሩ እግሮች እሱን ስለሚነክሱ ጭነቱ ጣራው መሐል ላይ አያርፍም፣ ወደ ጎኑ ይወርዳል።

ለጎማና ለጀሪካን በተሠራ ፖርቶ መጋላ ላይ ማሰር

ይሄ የራሴ ነው። ያሠራሁት ፖርቶ መጋላ ዙሪያውን አጥር ነበረው። ለመለዋወጫ ጎማ ግሩም ነው። ድንኳን ግን የሚፈልገው ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሁለት ሐዲዶች አግዳሚ ባር ላይ ማረፍ አለባቸው። የኔው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ተመልሼ በያጁ ጋ፣ አጥሩ ተቆረጠ፣ እንደገና ቀለም። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ብሎኑን አንዴ አጥብቀው አይርሱት። ኮረኮንች የማያላላው ዳዶ የለም። ከተነሱ 50 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከዚያም በየማለዳው ቁልፍ ይዞ ዙሪያውን መዞር ልማድ ይሁንዎ።

የት እንደሚያድሩበት ሳይወስኑ መግዛት

አገራችን ለድንኳን ሻጭ ፈተና ናት። ባሌ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ያድራሉ፤ በጋ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በሳምንቱ አዋሽ ፓርክ ሲወርዱ 1,000 ሜትር ግድም ላይ በላብ ይጠመቃሉ። ሁለቱንም እኩል የሚችል ድንኳን አላየሁም።

ለብርዱ፦ የጣራ ድንኳን ሥሩ ባዶ ነው። ነፋስ ከታች ያልፋል። ፍራሹ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ብርዱ ከጀርባዎ ይገባል፤ ብርድ ልብስ ቢደርቡም አያስጥልዎትም። ወፈር ያለ ፍራሽና ከሥሩ አየር የሚያዘዋውር ምንጣፍ ያስፈልጋል። ስለ ብርድ ካነሳን፣ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይግባ። የፋመም ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ከሰል ቤት ዘግተው አንድደው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠባል።

ለሙቀቱ፦ መስኮት ይቁጠሩ። በአራቱም ጎን የሚከፈት ይሁን፣ የወባ ትንኝ የማያስገባ ወንፊቱም ደህና ዚፕ ይኑረው። አዋሽም ላንጋኖም አርባ ምንጭም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፤ ወባ የሚፈራበት ከፍታ ነው።

ለዝናቡ ጨርቁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዩ። 2,000 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ጨርቁ ሳያሳልፍ የሚሸከመው የውሃ ከፍታ ነው። ጥጥ የተቀላቀለበት ሸራ ከሆነ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ግቢ ውስጥ ዘርግተው ውሃ ያርከፍክፉበትና ይድረቅ። ክሩ አብጦ የመርፌ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ጠዋት ጣራው ከውስጥ ቢያንጠባጥብ ግን ሻጩን አይራገሙ። የራስዎ ትንፋሽ ነው። ማታ መስኮት ገርበብ ማድረግ ነው መፍትሔው።

ጠንካራ ክዳን ወይስ ሸራ

ብዙ ክርክር የሚነሳበት ይሄ ነው፤ ለኔ ያን ያህል አይደለም። ጠንካራ ክዳን ያለው በደቂቃ ይከፈታል፣ ሲሄዱ ነፋስ ብዙም አይጎትተውም፣ ግን ይወደዳል፣ ብዙ ጊዜም ይከብዳል። በሸራ የሚታጠፈው ሲዘረጋ ከመኪናው ወጣ ስለሚል ሥሩ ጥላ ይሰጣል፤ ቡና ይፈላበታል። ጉዳቱ ነፋስ ነው። ላንጋኖ ላይ ነፋስ ሲነሳ የተንጠለጠለው ሸራ ሌሊቱን ሙሉ ሲማታ ያድራል። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ ማቆም ይረዳል።

«ሦስት ሰው ያስተኛል» የሚለውን ማመን

ስፋቱን በሜትር ይለኩ። 140 ሳንቲ ሜትር ለሁለት ሰው ነው፣ ሦስተኛው ሕፃን ካልሆነ በቀር። መሰላሉንም አስቀድመው ይውጡበት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትዎ አብረው ከሄዱ፣ ሌሊት ሽንት ሲመጣ ያ መሰላል ቀላል አይደለም።

ሲመለሱ የት እንደሚያስቀምጡት አለማሰብ

የውጭ ድረ ገጾች ይሄን አይነግሩዎትም፤ ጋራዥ ያለው ሰው ነው የሚጽፋቸው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው 60 ኪሎ ድንኳን ምን ያደርገዋል? ሊፍት የለም። ለማውረድ ሦስት ሰው ይፈልጋል፣ ለማውጣት ደግሞ ጎረቤት መለመን። ዓመቱን ሙሉ ጣራው ላይ ይቆይ ቢሉ ፀሐይ ሸራውን ትበላዋለች፣ ቤንዚኑም ይጨምራል። እርጥብ እንደሆነ ታጥፎ ከከረመ ደግሞ ሻጋታው አይለቅም። ክረምት ላይ ከወንጪ እርጥቡን አጥፈው ከተመለሱ፣ በማግስቱ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሰፈር ውስጥ ከፍተው ማድረቅ አለብዎት። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ይሰበሰባሉ። ይልመዱት።

አሜሪካ ያለው ወንድምዎ በሻንጣ ይዞት እንዲመጣም አይጠብቁ። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ አይቀበሉም። በካርጎ ሲመጣ የጉምሩኩን ሒሳብ ከዕቃው ዋጋ ጋር አብረው ይደምሩ።

መኪናዎ ቤትዎ እንደሚሆን መርሳት

ድንኳኑ ከተዘረጋ መኪናው አይንቀሳቀስም። ሁለት ሦስት ቀን አንድ ቦታ መሰንበት የሚወድ ሰው መሬት ላይ የሚተከለው ድንኳን ይሻለዋል፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። የጣራው የሚያዋጣው በየቀኑ ቦታ ለሚቀይር ሰው ነው፣ ጅብ ሲጮህ መሬት ላይ እንቅልፍ ለማይወስደውም እንደዚያው።

እኛ ባሌ ዲንሾ ላይ አመሻሽተን ዘረጋን፣ ፍራሹን አነጠፍን፣ ልጆቹ ገቡ። ጀበናው ወጣ። ቡናው ቤት ቀርቷል። ባለቤቴ ዝም ብላ አየችኝ። ልጆቹን አወረድን፣ ፍራሹን ጠቀለልን፣ በጨለማ አጠፍነውና ሱቅ ፍለጋ ነዳን። አሁን ከድንኳኑ ቀድሞ መኪናው ውስጥ የሚገባው የቡናው ዘንቢል ነው።