ፍላሽና ሜሞሪ ካርድን ከሲ ፕሮግራም ውስጥ ማውንት ማድረግ፣ ከዚያም በሰላም መንቀል

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ፒያሳ ያለ ፎቶ ቤት ከካሜራ ካርድ ወደ ደንበኛ ፍላሽ ሲገለብጥ ነው የሚውለው። ሥራውን ሊኑክስ ላይ ለሚሄድ ትንሽ የሲ ፕሮግራም መስጠት ይቻላል፦ የተሰካውን ማውንት ያደርጋል (ከአንድ ፎልደር ጋር ያያይዘዋል)፣ ይገለብጣል፣ አንማውንት ያደርግና (ያላቅቀውና) «ንቀሉ» ይላል። ማውንቱ እምቢ ካለ እዚያው ይታያል። «ንቀሉ» የተባለው ያለጊዜው ከሆነ ግን የሚታወቀው ደንበኛው ደባርቅ ከገባ በኋላ ቪዲዮው አልከፈት ሲለው ነው።

ማውንት የተባለው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ የሚጠይቅበት ጥሪ) አምስት ነገር ይቀበላል፦ ዲቫይሱን፣ ማውንት የሚደረግበትን ፎልደር፣ የፋይል ሲስተሙን ዓይነት፣ ፍላጎችን በቁጥር፣ በመጨረሻም ለፋይል ሲስተሙ የሚተላለፉ ኦፕሽኖችን በጽሑፍ። ከተሳካ 0፣ ካልተሳካ -1 ይመልሳል፤ ምክንያቱ ኤርኖ በተባለ ተለዋዋጭ ውስጥ በቁጥር ይቀመጣል፤ ከዚህ በታች «22 ይመልሳል»፣ «16 ከመጣ» የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) መብት መነሳት አለበት፤ ካልሆነ ስሕተት 1 (ፈቃድ የለም) ይመጣል።

ተርሚናል ላይ የምንጽፈው የማውንት ትእዛዝ የፋይል ሲስተሙን ዓይነት ራሱ ይለያል፤ ሲስተም ኮሉ ግን የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ ቪፋት፣ 64 እና ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ኤክስፋት ናቸው። የኤክስፋት ካርድን ቪፋት ብለው ከሰጡት ስሕተት 22 (የተሰጠው ልክ አይደለም) ይመለሳል። /ዴቭ/ኤስዲቢ1 ማለት ሲገባዎ /ዴቭ/ኤስዲቢ ብለው ሙሉውን ዲስክ ከሰጡትም የሚመጣው ያው 22 ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የዲመሰግ ትእዛዝ ከሚያሳየው የከርነል መልእክት ነው። 19 ከመጣ ከርነሉ ያንን ፋይል ሲስተም ጭራሽ አያውቀውም ማለት ነው፤ ከ5.4 በፊት ባለ ከርነል ላይ ኤክስፋት እንዲህ ያደርጋል። በመገመት ጊዜ ከማጥፋት የፋይል ሲስተምን ዓይነት የሚለየውን የብልክአይዲን ላይብረሪ መጠየቅ ይሻላል።

የዲቫይሱን ስም ኮዱ ውስጥ አይቸክሉት። ዛሬ ኤስዲቢ1 የነበረው ነገ ኤስዲሲ1 ይሆናል፤ ላፕቶፕ ውስጥ የተገጠመ የካርድ ማንበቢያ ደግሞ ኤምኤምሲብልክ0ፒ1 ሊባል ይችላል። ስሙን ከዩዴቭ (ዲቫይስ ሲሰካና ሲነቀል ከሚከታተለው የሊኑክስ ክፍል) ይውሰዱ፤ ማውንቱን ግን ከዩዴቭ ሩል (ዲቫይስ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ከሚጻፍበት ደንብ) ውስጥ በቀጥታ አያስነሱ። ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ባለበት ማሽን ዩዴቭ የራሱ የማውንት ኔምስፔስ (ከሌላው የተለየ የማውንቶች ዓለም) ውስጥ ስለሚሄድ ማውንቱ 0 ቢመልስልዎ እንኳ ፎልደሩን ከውጭ ሲከፍቱት ባዶ ነው። ብዙ የሚቆይ ፕሮሰስንም ዩዴቭ መሐል ላይ ይገድለዋል። ሩሉ ሰርቪስ ያስነሳ፤ ሥራውን ሰርቪሱ ይሥራ። በሰርቪሱ ፋይል ውስጥ ፕራይቬትቲኤምፒ የሚል መስመር ካለ ያው የኔምስፔስ ጣጣ ተመልሶ ይመጣል።

ለደንበኛ ፍላሽ የሚበቃው ፍላግ 14 ነው፦ ኖሱይድ 2 (በፋይሉ በኩል የሌላ ሰው መብት እንዳይወሰድ)፣ ኖዴቭ 4 (የዲቫይስ ፋይል እንዳይሠራ)፣ ኖኤግዜክ 8 (ፕሮግራም እንዳይነሳ)። ለካሜራ ካርድ ማንበብ ብቻ የሚለውን 1 ይጨምሩና 15 ያድርጉት። እነዚህን በቁጥር እንጂ በኦፕሽን ጽሑፍ አይላኩ፤ ኖኤግዜክን ጽሑፉ ውስጥ ካስገቡት ቪፋት አላውቀውም ብሎ 22 ይመልሳል። ኤክስት4 የሆነ ዲስክ ከመጣ ደግሞ 1 ብቻውን አይበቃም። ዲስኩ በትክክል ካልተነቀለ ከርነሉ ጆርናሉን (ያላለቁ ለውጦች መዝገቡን) ለማስተካከል ይጽፍበታል፤ ምንም እንዳይነካ ከተፈለገ ኖሎድ የሚለው ኦፕሽን ይጨመር።

ለእኛ ትልቁ ኦፕሽን ዩቲኤፍ8 (የአማርኛ ፊደልንም የሚይዘው የፊደል ኮድ) ነው። ቪፋት ላይ ይህ ካልተሰጠና የከርነሉ ነባሪ ኢሶ8859-1 (የአማርኛ ፊደል የሌለው ኮድ) ከሆነ፣ «የጥምቀት ፎቶ» የሚለው ፎልደር የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ በዚያ ስም ሊከፍተው ሲሞክር ስሕተት 2 (እንዲህ ያለ ፋይል የለም) ያገኛል። ቪፋት የፋይል ባለቤት የሚባል ነገር ስለሌለው ዩአይዲና ጂአይዲም (የባለቤቱና የቡድኑ ቁጥር) ይጠቀስ፤ ካልተጠቀሰ ሁሉም የሩት ይሆናል። ኦፕሽኖቹ በነጠላ ሰረዝ ብቻ ይለያዩ፣ ክፍት ቦታ አይግባባቸው።

ማውንት ሲያደርጉ 16 (ተይዟል) ከመጣ ዴስክቶፑ ቀድሞዎት ይሆናል። ዴስክቶፑ ለመጻፍ የከፈተውን ካርድ እርስዎ ለማንበብ ብቻ ብለው ሲጠይቁ ከርነሉ እምቢ ይላል። ሁለታችሁም ለመጻፍ ከጠየቃችሁ ግን ይቀበልና ሁለት ቦታ ማውንት ይሆናል፣ ይህኛው ይብሳል። የዴስክቶፑን አውቶማውንት ያጥፉት።

አሁን ወደ መንቀሉ። የመገልበጫው መስመር መቶ በመቶ ሲል ብዙው ፋይል ገና ራም ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከርነሉ 30 ሰከንድ ያህል ሊያቆየው ይችላል። በዚህ መሐል መብራት ከሄደ ያ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ፋት ደግሞ ጆርናል የለውም። ሲንክሮነስ የሚለውን (የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው ፍላሹ ላይ የሚያሰፍረውን) ፍላግ 16 ለመጨመር ያጓጓል፤ አይመከርም፤ ፍጥነቱን ይገድለዋል፣ የፋቱን ሰንጠረዥ ደጋግሞ እየጻፈም ፍላሹን ያስረጀዋል። በየ200 ፋይሉ ሲንክኤፍኤስን (ራም ላይ ያለውን ወደ ፍላሹ የሚያወርደውን ጥሪ) መጥራት መሐለኛው መንገድ ነው። መልሱን ማንበብ እንዳይረሳ፦ አንማውንቱ 0 ቢመልስም የመጻፍ ስሕተትን ላይነግርዎ ይችላል፤ ሲንክኤፍኤስ ግን ከከርነል 5.8 ጀምሮ ይናገራል። ርካሽ ፍላሽ ላይ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ቆመ ብለው ፕሮግራሙን አይግደሉት።

ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱ እጁን ይሰብስብ። የከፈተውን ፋይል ሁሉ ይዝጋ፣ በኤምማፕ (ፋይልን ከራም ጋር በማገናኘት) የያዘውን ይልቀቅ፣ የሥራ ፎልደሩ ፍላሹ ውስጥ ከሆነ ወደ / ይውጣ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቻይልድ ፕሮሰስ (ፕሮግራሙ ራሱ ያስነሳው ሌላ ፕሮሰስ) ነው፤ ክፍት ፋይሎችን ወርሶ ይዞ ይቀመጣል። እያንዳንዱን ፋይል በክሎኤግዜክ (ሌላ ፕሮግራም ሲነሳ ፋይሉ ራሱ እንዲዘጋ በሚያደርግ ፍላግ) መክፈት ሌላ ፕሮግራም ለሚያስነሳ ቻይልድ መፍትሔ ነው።

የማላቀቂያውን ጥሪ ዩማውንት2ን ከኖፎሎው (ሲምሊንክ እንዳይከተል ከሚያደርግ) ፍላግ፣ ማለትም ከ8 ጋር ይጥሩት፤ የሚሰጠው የፎልደሩ መንገድ ነው፣ ዲቫይሱን ከሰጡት 22 ይመልሳል። 16 ካለ አንድ ሰው ይዞታል። ትንንሽ ምስል የሚሠራው የዴስክቶፕ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በሰከንድ ውስጥ ይለቃል፤ በየ200 ሚሊሰከንዱ አሥር ጊዜ ይሞክሩ። አሁንም ካልለቀቀ ከ/ፕሮክ ሥር የየፕሮሰሱን ኤፍዲ (ክፍት ፋይሎች)፣ ሲደብሊውዲ (የሥራ ፎልደር) እና ማፕስ (በኤምማፕ የተያዙ) አይተው የያዘውን ፕሮግራም ስም ስክሪኑ ላይ ያውጡ። የማውንቶች ዝርዝር ባለበት በ/ፕሮክ/ሰልፍ/ማውንትኢንፎ ውስጥ ሲያነጻጽሩ በስም መሐል ያለው ክፍት ቦታ \040 ሆኖ እንደሚጻፍ አይርሱ፤ «የጥምቀት ፎቶ» «የጥምቀት\040ፎቶ» ይሆናል።

16ን ለማምለጥ ዲታች የሚለውን ፍላግ 2 የሚጠቀም ብዙ ነው። 0 ይመልሳል፣ ፎልደሩም ባዶ ይሆናል፤ ነገር ግን ፍላሹ ከስሙ ብቻ ነው የተለየው፣ የያዘው ፕሮሰስ አሁንም እየጻፈበት ይሆናል። ፎርስ የሚባለው 1 በዋናነት ለኔትወርክ ፋይል ሲስተም የታሰበ ስለሆነ ፍላሽ ላይ አይረዳም።

«ንቀሉ» ከማለት በፊት የሚቀር አንድ ፍተሻ አለ። /ዴቭ/ኤስዲቢ1ን በኦ-ኤክስክል (ብቻዬን ልያዘው በሚል) ፍላግ ይክፈቱት። በየትኛውም ኔምስፔስ ማውንት ሆኖ የቀረ ካለ፣ በዲታች የተደበቀም ቢሆን፣ 16 ይመልሳል። ከተከፈተ ይዝጉትና ያኔ መልእክቱን ያውጡ።

ሳይጠበቅ የተነቀለ ፍላሽ ተመልሶ ሲመጣ ከርነሉ በትክክል እንዳልተነቀለ በመልእክቱ ይጽፋል። ማውንት ሳያደርጉ በፊት የፋት መጠገኛውን ኤፍኤስሲኬ.ቪፋትን ከ-ኤ (ራሱ እንዲጠግን) ጋር ያስኪዱበት። ይህ ከተዘለለ ቪፋት መሐል መንገድ ላይ የተበላሸ ነገር ሲያገኝ ራሱን ለማንበብ ብቻ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ለመጻፍ ሲከፍት የሚመለስለት 30 (ፋይል ሲስተሙ ለማንበብ ብቻ ነው) ነው።